ከአምፒሩ በፊት ቮልቱ

ለጄኔሬተሩ ብሬከር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት አምፒር?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አምፒሩ ካነሰ ብሬከሩ በረባ ባልረባው እየጣለ ያስቸግራል፤ ከበዛ ደግሞ ጄኔሬተሩ ሲግል አይደርስለትም። ቮልቱ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል። አስጊነቱም እዚህ ላይ ነው፤ በቮልት ያልተመጠነ ብሬከር ለወራት ያለ እንከን ሊያገለግል ይችላል፤ ጉዱ የሚታየው ሾርት የሆነ መስመር መቁረጥ ባለበት ቅጽበት ነው።

ብሬከር ኮረንት ሲቆርጥ ውስጡ ያሉት መገናኛዎች ይለያያሉ። ኮረንቱ ግን ወዲያው አይቆምም፤ በመካከላቸው ያለውን አየር አግሎ በእሳት ብልጭታ መፍሰሱን ይቀጥላል። ቮልቱ ከፍ ባለ ቁጥር ያንን ብልጭታ ማጥፋት ይከብዳል። አንዱ ብሬከር በ230 ቮልት የሚቆርጠውን የሾርት ኮረንት በ690 ቮልት መቁረጥ የሚያቅተው ለዚህ ነው። አምራቾችም ለእያንዳንዱ ቮልት የተለየ የኪሎ አምፒር ቁጥር ያትማሉ። ዓይን የሚስበው ትልቁ ቁጥር ነው፤ ለገዢው የሚሠራው ግን ከራሱ ቮልት ትይዩ የተጻፈው ብቻ ነው።

በአገራችን የተለመደው ባለ ሦስት ፌዝ ጄኔሬተር በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ወይም 400፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ወይም 230 ቮልት ይሰጣል። ብሬከሩ ላይ «ዩኢ» ከሚለው ምልክት ጎን ያለው የሥራ ቮልት ከፌዝ ለፌዙ ማነስ የለበትም። ብዙዎችን የሚያሳስተው እዚያው አጠገብ «ዩአይ» ብሎ የሚጻፈው ቁጥር ነው። 800 ቮልት ቢልም ስለ ኢንሱሌሽኑ ጥንካሬ መናገሩ እንጂ ብሬከሩ በ800 ቮልት ይሠራል ማለቱ አይደለም።

ከአሜሪካ በመጣ ዕቃ ላይ ደግሞ 120/240 የሚል ጽሑፍ ያጋጥማል። የመጀመሪያው ቁጥር ከመስመር ወደ ኤርዝ፣ ሁለተኛው ከመስመር ወደ መስመር የሚፈቀደው ቮልት ነው። አምፒሩ ቢበቃ፣ ቅርጹም ልክክ ቢል፣ በ220/380 መስመር ላይ ሁለቱም ገደቦች ይጣሳሉ። እንዲህ ያለውን ብሬከር በርካሽ ዋጋ ማግኘት ዕድለኝነት አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ከፍታ ነው። ዓለም አቀፉ የአይኢሲ 60947 ደረጃ የተለመደ የሥራ ሁኔታ የሚለው እስከ 2,000 ሜትር ያለውን ነው። የአዲስ አበባ መሀል ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ይጠጋል። የሳሳ አየር ኢንሱሌሽንን ያዳክማል፤ ሙቀትንም እንደ ቆላው አየር አይወስድም። በ3,000 ሜትር ላይ የ690 ቮልት ብሬከር የሥራ ቮልቱ ከ600 በታች የሚወርድበት የአምራች ሠንጠረዥ አለ። ያም ቢሆን ለ380 ቮልት ይተርፋል። ከመነሻው 400 ቮልት ብቻ የተጻፈበት ብሬከር ግን እንዲህ ያለ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ለደጋ ከተማ የሚገዛ ሰው ትዕዛዙ ላይ ከቮልቱና ከአምፒሩ ጋር የቦታውን ከፍታ ጽፎ ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር እንዲያመሳክሩለት መጠየቅ አለበት።