ለሰፊ የሚሆን ካውያ

ልብስ ስፌት ሊጀምር የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ መኪናው ነው። በእግር የሚረገጥ ይሁን ወይስ በሞተር የሚሠራ፣ አሮጌ ሲንጀር ይሻል እንደሆነ ወይስ አዲስ የቻይና፣ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ይመክርበታል። ካውያው ግን «ቤት ያለው ይበቃል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መኪናው ጨርቅን ከጨርቅ ያያይዛል፤ ኮሌታውን ቀጥ የሚያደርገው፣ የሱሪውን እጥፋት የሚያስተኛው፣ እጅጌውን ትከሻው ላይ ሳይጨማደድ የሚያስቀምጠው ካውያ ነው። ሥራውም ከቤት ካውያ ሥራ ይለያል። የታጠበ ልብስ የሚተኩስ ሰው ጨርቁን ዘርግቶ ካውያውን ወዲያ ወዲህ ይነዳል፤ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይነቅለዋል። ሰፊ ግን አንድ ስፌት ሰፍቶ ይነሣል፣ ለጥቂት ሰከንድ ይጫናል፣ ካውያውን አቁሞ ወደ መኪናው ይመለሳል፤ ይህንኑ ቀኑን ሙሉ ይደጋግማል። ስለዚህ የሰፊ ካውያ መመዘን ያለበት በማይዋዥቅ ሙቀቱ፣ በታችኛው ብረቱ ልሙጥነትና በክብደቱ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት፣ የእንፋሎት ቀዳዳው ብዛትና የአዝራሩ ዓይነት ከእነዚህ በኋላ ይታያል።

ምክንያቱ ከጨርቁ ተፈጥሮ ይጀምራል። በጥጥ ክር ውስጥ ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚያያዙት በሃይድሮጂን ትስስር ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኙ ትስስሩ ይላላል፤ ክሩ በተጫነበት ቅርጽ ይተኛል፤ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ትስስሩ በአዲሱ ቦታ ይይዛል። የተጨማደደውን የሚያቀናው፣ ስፌትንም የሚያስተኛው ይህ ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ጥቂት እርጥበት፣ ጫናና የመቀዝቀዣ ጊዜ ነው፤ መጎተት አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይጎዳል። ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ብዙም አይለጠጥም፤ በሰያፍ ከተቆረጠ ግን ትኩስ ካውያ ሲነዳበት ይለጠጥና እንደተለጠጠ ይቀራል። የቀሚስ አንገትና የብብት ቁርጥ አብዛኛውን ጊዜ ሰያፍ ያለበት በመሆኑ፣ አንገቱ ሰፍቶ ሲገኝ ጥፋቱ የመቀሱ ሳይሆን የካውያው ሊሆን ይችላል። የአተኳኮስ ጥፋት ጎልቶ የሚታየው አሜሪካኖች ክዊልት በሚሉት፣ ብጣሽ ጨርቅ እየገጣጠሙ መሀሉ ጥጥ አስገብተው በሚሰፉት የአልጋ ልብስ ላይ ነው። እዚያ ለስፌት የሚተወው ጠርዝ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ረድፍ 12 ቁራጭ ቢገጠም 11 ስፌት ይኖራል፤ በየስፌቱ ጨርቁ በደንብ ሳይተኛ ቀርቶ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢታጠፍ ረድፉ በ11 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ከጎኑ ካለው ረድፍ ጋር አይገጥምም። ሸሚዝና ቀሚስ የሚሰፋ ሰውም ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም፤ ስፌቱ ጥቂት ስለሆነ ብቻ ጥፋቱ ይሸሸግለታል።

የሙቀት እኩልነት ጥያቄ ከኤሌክትሪክ ካውያ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የኒው ዮርኩ ሄንሪ ሲሊ የኤሌክትሪክ ካውያን ፈጠራ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በካሊፎርኒያ ኧርል ሪቻርድሰን የሠራው ካውያ ደግሞ መሀሉ እየጋለ ጫፉ ይቀዘቅዝ ነበር፤ የቁልፍ ቀዳዳና የጠርዝ መታጠፊያ የሚተኮሰው በጫፉ ነውና ሙቀቱ ወደዚያ እንዲዛወር ያሳሰበችው ባለቤቱ እንደሆነች ይነገራል። ሆትፖይንት የተባለው ካውያ የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሲሆን፣ ዋና አካሉ ሙቀት ሲያገኙ እኩል የማይረዝሙ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው የተሠሩበት ስስ ቁራጭ ነው። ሲግል ይጎብጥና ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፤ ሲበርድ ተመልሶ ያገናኛል። ስለዚህ የትኛውም ካውያ በአንድ ሙቀት ላይ ጸንቶ አይቆምም፤ ከተመረጠው በላይና በታች ይዋዥቃል። ጥሩና መጥፎ ካውያ የሚለዩት ይህ መዋዠቅ በመጥበቡና በመስፋቱ ነው። በልብስ ምልክት ላይ አንድ ነጥብ 110፣ ሁለት ነጥብ 150፣ ሦስት ነጥብ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማን ያመለክታል። ሁለት ነጥብ ላይ ተደርጎ እስከ 190 የሚዘል ካውያ ፖሊስተርን ያብለጨልጫል ወይም ያኮማትራል፤ እስከ 110 የሚወርደው ደግሞ ኮሌታ የሚያጠነክረውን ሙጫ ያለበት ጨርቅ ሳያጣብቅ ይቀራል፤ ሸሚዙም ከታጠበ በኋላ ኮሌታው ይነፋፋል። ክብደት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ወፍራም የታችኛው ብረት ያላቸው ካውያዎች ብዙ ሙቀት ስለሚያጠራቅሙ እርጥብ ጨርቅ ሲነኩ ቶሎ አይበርዱም።

«እንፋሎትስ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሱፍ ጨርቅ ያለ እንፋሎት አይታዘዝም፤ የደረቀ ጥጥም በእንፋሎት ቶሎ ይቀናል። ሆኖም እንፋሎት በነጻ አይገኝም። 1 ግራም ውሃ ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ እንፋሎት እስኪሆን 2,600 ጁል ገደማ ይፈጃል። በደቂቃ 20 ግራም እንፋሎት የሚረጭ ካውያ እንግዲህ ለዚሁ ብቻ ወደ 870 ዋት ያወጣል ማለት ነው፤ ጨርቁን የሚያሞቀው ከዚህ የተረፈው ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲዳከም ችግሩ ይብሳል። በ220 ቮልት 1,200 ዋት የሚሰጥ ካውያ መስመሩ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የሚያገኘው 800 ዋት ገደማ ነው። ያ ካውያ በሙሉ እንፋሎት ሲሠራ ብረቱ እየበረደ ይሄድና ውሃው ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ከውስጥ የተጋገረውን የውሃ ጨው አብሮ ያወርዳል፤ በነጭ ሸማ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይጥላል። ለሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ከዚህ የከፋ ጉዳት የለም። በዚያ ላይ የቀዳዳዎቹ ስፍራ ጨርቁን ስለማይነካ ሙጫ ያለበት ጨርቅ ሲጣበቅ ያልያዘ ነጥብ ሊተው ይችላል። እርጥብ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጎ በላዩ መተኮስ፣ ወይም ከውሃ መርጫ ጥቂት ማርከፍከፍ፣ እንፋሎቱን በሚፈለግበት ቦታና መጠን ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ ሱፍ የሚሰፋ ባለሙያ ግን ውሃው ከላይ ከተሰቀለ ጠርሙስ በቱቦ የሚወርድለትን የልብስ ሰፊዎች ካውያ ቢገዛ ይከፍለዋል። የእንፋሎት ካውያ ያለው ሰው ውሃውን አፍልቶ፣ አስክኖና አጥልሎ ቢጨምር የሚጋገረውን ጨው ይቀንሳል፤ ማፍላቱ የተወሰነውን ካልሲየም አስቀድሞ ድስቱ ውስጥ ያስቀረዋልና።

ክብደትን የሚቃወሙም አሉ፤ ቀላል ካውያ እጅ አያደክምም ይላሉ። ለሚነዳ ሰው እውነት ነው። ለሚጫን ሰው ግን ጫናው ከካውያው ካልመጣ ከትከሻው መምጣቱ አይቀርም፤ ከካውያው ቢመጣ ይሻላል። የከሰል ካውያ አመዱ እየበነነና ሙቀቱ በግምት እየተለካ እንኳ ለዘመናት ስፌት ያስተኛው ብረቱ ከባድ ስለነበረ ነው። ባዶውን ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ካውያ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። የእጅ አንጓ ሕመም ያለበት ሰው ቀለል ያለውን ይዞ ለእያንዳንዱ ስፌት ረዘም ያለ ጊዜ ቢሰጥ አይጎዳም።

በራሱ የሚጠፋ ካውያ ጉዳይ ይበልጥ ከባድ ነው። ሰፊዎች አይወዱትም፤ ካውያው ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ካለፈው ይጠፋል፤ ረጅም ስፌት ሰፍተው ሲመለሱ በርዶ ያገኙታል። ነገር ግን በእኛ አገር መብራት በሥራ መሀል ይቋረጣል፤ ሰው ካውያውን ጨርቅ ላይ ጥሎ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህ ቤት የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ ልጆች ባሉበት ወይም ሱቅ ተዘግቶ በሚኬድበት ቦታ ራሱን የሚያጠፋው ይመረጥ። ብዙዎቹ በጎናቸው ወይም በሆዳቸው ሲተኙ በሰከንዶች፣ ሲቆሙ ግን ከደቂቃዎች በኋላ ስለሚጠፉ፣ ቆሞ የሚታገሠው ጊዜ ረዘም ያለውን መፈለግ ነው። መከላከያ የሌለውን የገዛ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬቱን መንቀል ግዴታው ይሁን።

ከውጭ ዘመድ የሚልከው ካውያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ለ120 ብቻ የተሠራ ካውያ እዚህ ሲሰካ የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ ያልፋል፤ 1,200 ዋቱ ወደ 4,000 ይጠጋል፤ ወዲያው ይቃጠላል። ከዱባይና ከእስራኤል የሚመጣው በቮልቱ ይስማማል፤ የሶኬቱ እግር ግን ስለሚለያይ ርካሽ መቀየሪያ ላይ መሰካት አይገባም፤ የመሬት መስመሩን ያቋርጣል፣ ከ10 አምፔር በላይ ሲያልፍበትም ይግላል። ገመዱ የጨርቅ ሽፋን ያለውና ሦስት ሽቦ የያዘ ይሁን፤ ትኩስ ብረት ሲነካው ላስቲክ ብቻ የለበሰው ይቀልጣል። አካሉ በብሎን የተያያዘ፣ ገመዱና ቴርሞስታቱ ለብቻ ሊቀየር የሚችል ካውያ ሠፈር ያለ ጠጋኝ ያድነዋል፤ በክዳን ብቻ የተቆለፈው ግን አንዲት የሙቀት ፊውዝ ሲቃጠልበት ይጣላል።

የታችኛው ብረት ሽፋን ብዙ ይከራከሩበታል፤ ሴራሚክም አይዝጌ ብረትም ይሠራል። ቴፍሎን ለስላሳ ነው፤ ዚፕና መርፌ ሲጭረው ግን ጨርቅ መያዝ ይጀምራል።

ሱቅ ሲገቡ ከካርቶኑ አስወጥተው ይሞክሩት። ሳይሰካ የማስመሪያ ጠርዝ ታቹ ላይ ያስተኙበት፤ በማስመሪያውና በብረቱ መካከል ብርሃን ካለፈ አይግዙት። ይሰኩት፤ የመጀመሪያው ሙቀት ብዙ ጊዜ ከልክ ያልፋልና የካውያው አመልካች መብራት ሦስት አራት ጊዜ በርቶ እስኪጠፋ ይታገሡ። ከዚያ በውሃ የረጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ለ10 ሰከንድ ሳይነዱ ይጫኑትና ያንሡት፤ ጫፉም ተረከዙም እኩል ማድረቁን ይመልከቱ። በትንሹ ሙቀት ላይ አድርገው ደግሞ የፖሊስተር ብጣሽ ያስነኩት፤ ካብለጨለጨ ቴርሞስታቱ አይታመንም። ሻጩ ይህን ለመሞከር ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።