ሥዕልና አስረጂው

ሥዕል ቋንቋ አይሻም ይባላል። ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ ባሉት አድባራት ግን ሥዕል ያለ አስረጂ ውሎ አያውቅም።

ቅዳሴው በግእዝ፣ የምእመኑ አፍ በአማርኛ ነው። ይህን ክፍተት ከሚሞሉት አንዱ በክብ ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ ላይ የሚሳለው ሥዕል ነው። ፊደል ያልቆጠረም ጻድቁን ከኃጥኡ ይለያል፤ በነባሩ የአሣሣል ልማድ ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ይሁዳና ሰይጣን በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን በልጅነቱ ያልተነገረው እንግዳ ግን ሠዓሊው አንዱን ዓይን የረሳው ይመስለዋል።

ሠዓሊውም ሊስት ይችላል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከቬኒስ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እዚሁ የቀረው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮን ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ ቢስለው ሁከት ተነሣ ይባላል። እሱ ካደገበት ነውር የለበትም፤ እዚህ ግን ክብር የቀኝ ነው።

በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩ የመኤን ሰዎች የእንስሳት ሥዕል አሳይቶ ነበር። ወረቀት ለብዙዎቹ እንግዳ ስለነበር ሥዕሉ የቀረበው በጨርቅ ላይ ነው። አብዛኞቹ እንስሳውን ለዩት፤ ነገር ግን ጊዜ ወስዶባቸው፣ እግሩን፣ ጅራቱን፣ ቀንዱን አንድ በአንድ እያገጣጠሙ። ዛሬም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ትራኮማ ስታስተምር ፊቱን የሚታጠብ ልጅ ሥዕል ሰቅላ ዝም አትልም።

ሥዕል ያለ አስረጂ እንደማይበቃ ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ማስረጃ ያለው ጋይንት ቤተልሔም ነው፤ የዜማው መጽሐፍ የድጓ ማስመስከሪያው ደብር። የዜማ ምልክትም በፊደል አናት ላይ የሚሳል ትንሽ ሥዕል ነው። ድፋት እንደ ስሙ የተደፋ ቅስት ነው፣ ድምፅን ዝቅ ያደርጋል፤ ቅናት ድምፅን ያነሣል። ከትግራይ የመጣውም ከጎጃም የመጣውም ተማሪ የሚያየው ያንኑ ጭረት ነው። ጭረቱ ግን ድምፁ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ የት እንደሚያርፍ አይነግረውም። ስለዚህ ምልክቱን በዓይኑ እየተከተለ ከየኔታ አፍ ቃል ይቀበላል፤ ሲስትም የኔታ መጽሐፉን ሳያዩ ያርሙታል።