በቆላ አገር የቤት ጥላ ስለሚሆኑ ዛፎች አጠባበቅ

በደጋ የሚኖር ሰው ዛፍን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያና ለአጥር ነው። በቆላ ለሚኖር ቤተ ሰብ ግን ዛፍ ማለት ሁለተኛ ጣራ ነው። ሕፃናት በቀትር የሚያንቀላፉት፣ እንግዳ የሚስተናገደው፣ ምሳ የሚሰናዳው ከጥላው ሥር ስለ ሆነ፣ ዛፉ የደረቀበት ቤት ግማሹ እንደ ፈረሰ ይቆጠራል። ስለዚህ በበረሃ አፋፍ ባለ ከተማ የቤት ዛፍ እንዴት እንደሚያዝ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃል ለማቅረብ አስበን፣ ለምሳሌ ድሬዳዋን መርጠናል።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ሳለ የተራራው አቀበት ስላስቸገረ ከግርጌው ቀረ፤ በዚያም ዘመን ቦታው «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት የምታገኘውም ዝናም ወደ 600 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ ለጆሮ ጥቂት ባይመስልም፣ ፀሐይና ነፋስ ከምድር ሊወስዱት የሚችሉት እርጥበት ከሰማይ ከሚወርደው እጅግ ይበልጣል። ዝናሙም ሲመጣ በአንድ ጊዜ በኃይል ወርዶ ወዲያው ያልፋል። አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ማጥፋቱ የሚታወስ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር የዛፍ ጠባቂ ሥራው፣ ቶሎ የሚሸሸውን ውሃ ይዞ ወደ ሥር ማስገባት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚያው ከተማ ወደ አንድ ወዳጃችን ቤት ሄደን ነበር። በግቢው የነበረው የሎሚ ዛፍ ቅጠሉ ከጫፍ ከጫፉ እንደ እሳት የላሰው ቡናማ ሆኖ አየን። የቤቱ እመቤት አዝነው፣ «አንድ ማታ ሳላጠጣው አድሬ አላውቅም፤ ምን አጠፋሁ?» አሉ። በዕድሜ የገፉት አትክልተኛ ግን ቀጭን ብረት አምጥተው ከዛፉ አጠገብ በምድር ላይ ተጫኑት። ብረቱ አንድ ስንዝር ያህል ገብቶ ቆመ። «እትዬ፣» አሉ፣ «ዛፉን በማንኪያ ያቀምሱታል እንጂ አላጠገቡትም።»

የሽማግሌው ነገር እውነት ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚፈስ ውሃ የምድሩን ገጽ ብቻ አርሶ ፀሐይ ይወስደዋል። ሥሩም ውሃውን ተከትሎ ከላይ ከላይ ይበቅላልና፣ ቤተ ሰቡ ለአንድ ሳምንት መንገድ የሄደ እንደሆነ ዛፉ ወዲያው ይጠወልጋል። ከዚህም በቀር ውሃው ሲተን በውስጡ የነበረውን ጨው ከሥሩ አጠገብ ጥሎት ይሄዳል፤ የቅጠሉን ጫፍ የሚያቃጥለውም ይኸው ጨው ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ፣ ነገር ግን በዝግታና በብዛት፣ እርጥበቱ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር እስኪጠልቅ ድረስ ማጠጣት ይገባል። ብረቱ በረጠበ ምድር በቀላሉ ይገባል፤ ከደረቀው ሲደርስ ይቆማል። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ለቤተ ሰብ አያስፈልግም።

ውሃው የሚፈስበትም ቦታ ይታሰብበት። ብዙ ሰዎች ግንዱን ያጠጣሉ፤ ውሃ የሚጠጡት ቀጫጭን ሥሮች ግን ቅርንጫፉ እስከሚያጠላበት ዳርቻና ከዚያም አልፈው ይዘረጋሉ። ስለዚህ በዛፉ ዙሪያ በቅርንጫፉ ጫፍ ልክ ክብ ቦይ መቆፈር፣ የጣራውንም ዝናም ወደዚያ መምራት መልካም ነው። ምድሩን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ማልበስ እርጥበቱን ያቆያል፤ ሆኖም ምስጥና ብስባሴ እንዳይመጣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ። ልብስ የታጠበበት ውሃ በረኪና ከሌለበት ለጥላ ዛፍ ሊውል ይችላል፤ ነገር ግን በየመካከሉ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያሻል።

በሚተከልበት ጊዜ ጉድጓዱ ከሥሩ እብጥ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ይስፋ እንጂ አይጥለቅ፤ አንገቱ በአፈር የተቀበረ ችግኝ ይበሰብሳል። ቤቱን የሚያጋየው ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትመታው ፀሐይ ስለ ሆነች፣ የጥላው ዛፍ በምዕራብ በኩል ቢሆን ይመረጣል። ቅርንጫፍ ሲቆረጥም ከአራት እጅ አንዱን አለማለፍ ነው። አንዳንድ ሰው ንጽሕና መስሎት ዛፉን እስከ ግንዱ ይመለምላል፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ያላየው ልጥ ተቃጥሎ ይሰነጠቃል፣ ትልም ይገባበታል። ይህ የደረሰበትን ግንድ ውሃ በበዛበት ኖራ መቀባት ይረዳዋል።

ስለ ዛፉ ዓይነት ያለን እንደሆነ፣ ግራርና ቁርቁራ የአገሩ ተወላጆች ስለ ሆኑ በጥቂት ውሃ ይኖራሉ። ከሕንድ አገር የመጣው ኒምም ድርቅን ችሎ ጥላ ይሰጣል። በአማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚባለው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ መልኩ ያማረ ቢሆንም ሥሩ በምድር ገጽ ስለሚሄድና ቅርንጫፉ ስለሚሰበር ከግድግዳ ይራቅ። ቶሎ ያድጋል ተብሎ በ1970ዎቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ወደ አገራችን የገባው ፕሮሶፒስ ግን በአፋር የግጦሽ ምድር ላይ ያደረሰው ጥፋት የታወቀ ስለ ሆነ፣ ማንም በግቢው እንዳይተክለው እንመክራለን።

በመጨረሻ ለመንግሥት ሠራተኞች የምንለው አንድ ነገር አለን። ወደ ቆላ የተመደበ ሰው ብዙ ጊዜ፣ «ጥላውን ሳላርፍበት ልዛወር ለምን እደክማለሁ?» ይላል። ነገር ግን በደረሰባት ቀን ሻንጣውን ያስቀመጠው ሌላ ሰው ከተከለው ዛፍ ሥር ነው። በከዚራ መንገድ ዳርና ዳር የምናየውን ጥላ የተከሉት ሰዎች ሁሉ አላረፉበትም። የሹመት ዘመን አጭር፣ የዛፍ ዘመን ረጅም ነውና፤ ቤቱን ለተተኪው ሲያስረክብ ከቁልፉ ጋራ አንድ ለምለም ዛፍና ያችን ቀጭን ብረት የሚያስረክብ ሰው፣ ስሙ ባይጻፍም፣ በቀትር ከጥላው የሚቀመጥ ቤተ ሰብ ሁሉ ይመርቀዋል።