የዛፍ ሽበትና የምንተነፍሰው አየር

ከሽንዲ ወይም ከቡሬ ገጠር ወደ አንድ አሮጌ ደብር የዘለቀ ሰው፣ በቅጽሩ ውስጥ ባሉት ጥዶችና ወይራዎች ግንድ ላይ አመድማ ወይም ቢጫማ ቅርፊት መሳይ ነገር ተለጥፎ፣ ከቅርንጫፍም እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሎ አይቶ ይሆናል። በድንጋይ ላይ ሲሆን የድንጋይ ሽበት፣ በዛፍ ላይ ሲሆን የዛፍ ሽበት ይባላል።

ብዙ ሰው ይህን የዛፍ በሽታ ይመስለዋል፤ በቢላዋ ፍቆ የሚጥለውም አይጠፋም። ነገር ግን ሽበቱ ግንዱን መቆሚያ ብቻ ያደርገዋል እንጂ ምግቡን ከዛፉ አይወስድም። በእውነቱም አንድ ፍጥረት ሳይሆን ሁለት ፍጥረታት ተባብረው የሚኖሩበት ቤት ነው፤ ከእንጉዳይ ወገን የሆነው ፈንገስ ቤቱን ይሠራል፣ እርጥበቱንም ይይዛል፤ አልጌ የሚባለው ደቃቅ አረንጓዴ ሕይወት ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል።

ሽበት ሥር የለውም። ውኃውንም ምግቡንም የሚቀበለው ከዝናብ፣ ከጉምና ከአቧራ ነው። ሌሎች ዕፅዋት ቅጠላቸውን የሚሸፍን ሰም መሳይ ልባስ ሲኖራቸው እርሱ ይህ ስለሌለው፣ በአየር ያለውን መልካሙንም ክፉውንም ሳይመርጥ ይመጥጣል። በተለይ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው የድኝ ጢስ የአልጌውን አረንጓዴነት ያጠፋዋል፤ አልጌው ሲሞት ፈንገሱም ይራባል። መጀመሪያ የሚጠፋው እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ነው፤ ቀጥሎ ቅጠል መሳዩ፤ በግንድ ላይ እንደ ቀለም የተለጠፈው ግን ብዙ ይታገሣል።

ይህን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም.፣ በፓሪስ በሉክሰምቡርግ የአትክልት ስፍራ የሚገኙ የሽበት ዓይነቶች በሌላው የከተማው ክፍል እንደማይታዩ ገልጦ፣ ምክንያቱ የአየሩ ንጽሕና ነው አለ። በ1926 ደግሞ ስዊድናዊው ሩትገር ሰርናንደር ሽበት የጠፋበትን የስቶክሆልምን መካከል «የሽበት ምድረ በዳ» ብሎ ሰየመው። በለንደን በታኅሣሥ 1952 ጢስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ከተማይቱን ለቀናት በሸፈነ ጊዜ በሺህ የሚቈጠር ሰው አለቀ፤ በ1956 ጢስን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ጠፍተው የነበሩ ሽበቶች ወደ ከተማይቱ ዛፎች ተመለሱ።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ፋብሪካና መኪና መብዛቱን አንጠላም፤ ልጆቻችን ሥራ ያገኙበታልና። ነገር ግን አየሩ ዛሬ ምን እንደሚመስል ያልጻፈ ሰው ነገ ተበላሸ ብሎ ቢናገር ማስረጃ አይኖረውም። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ገጠር የደብሩ ዛፎች ይህን መዝገብ ይዘውልናል፤ የሚቀረው አንብቦ መገልበጥ ነው። አሮጌው ዛፍ ሲቈረጥ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል።

አንባቢው ግን አይቸኩል። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን እየላጠ ስለሚጥል ሽበት አይበረክትበትም፤ ባዶነቱ የአየር ክፋት አይደለም። ከብት በሚያድርበት አጠገብ ደግሞ ብርቱካንማው ሽበት ከፍግ በሚወጣው አሞኒያ ይበዛል፤ ብዛቱም የአየር ጥራት ምልክት አይደለም። የጓዳን ጢስ ሽበት አይነግረንም፤ እናቶችና ሕፃናት የሚተነፍሱት እርሱ ነው፣ ለዚያም መስኮትና የተሻለ ምድጃ እንጂ ዛፍ ማየት አያስፈልግም።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከመንገድ ዳር አንድ ጥድ፣ ከደብሩ ውስጥም በዕድሜ የሚመስለውን ሌላ ጥድ ይምረጡ። በደረት ከፍታ ላይ አንድ ክንድ ያህል ለክተው፣ ጢም መሳዩ፣ ቅጠል መሳዩና ልጥፉ ምን ያህል እንደሆነ ከነቀኑ በደብተር ይጻፉ። በየአምስት ዓመቱ ተመልሶ ማየት ይበቃል፤ አብዛኛው ሽበት በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አያድግምና በየወሩ የሚመለከተው ሰው ለውጡን አያየውም።