ከበያይነቱ ሥር ያለው እንጀራ

የባህል ምግብ ቤት ስንገባ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ክትፎው ነው። በያይነቱ የምናዘው ረቡዕና ዓርብ ሲሆን፣ አለዚያም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ ሥጋ ስለማይበላ ብቻ ነው። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። የአንድን ቤት ሙያ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በያይነቱ ይዘዝ። ክትፎ ሥጋውና ቅቤው ጥሩ ከሆነ ብዙ ጉድለት ይሸፈንለታል፤ ምስር ወጥ ግን መሸፈኛ የለውም። ሽንኩርቱ በደንብ ካልተቁላላና በርበሬው ካልበሰለ ከመጀመሪያው ጉርሻ ይታወቃል።

ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እጅ ታጥቦ በቀኝ መቁረስ፣ ከየፊት መብላት፣ መጎራረስ። ትሪው ላይ የሚወጣውም የታወቀ ነው፦ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ቀይ ሥር፣ መሐሉ ላይ ሽሮ። ደህና ቤት ከሆነ አዚፋ ይጨምራል። ስልጆ ያቀረበ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። የባቄላ ዱቄቱን ከሱፉ ጋር አብስሎ፣ ሰናፍጭ ጨምሮ፣ እስኪብላላ ቀናት መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃልና ባለሙያዋን ጠርቼ ሳላመሰግን አልወጣም።

እኔ ግን ልናገር የፈለግሁት እነዚህ ሁሉ ስለተቀመጡበት እንጀራ ነው። ለውጭ እንግዳ ስናስተዋውቀው «እኛ ሰሃናችንንም እንበላለን» እንላለን። እንግዳው ይስቃል፣ እኛም ደስ ይለናል። አባባሉ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ገበታ ላይ ያስከፍለናል። እንጀራውን ሰሃን ነው ብሎ ያሰበ ሰው በጥቅል የመጣለትን እያነሣ ይበላና፣ ወጡ ሲያልቅ ከሥር ያለውን ትቶ ይነሣል። የተወው የምግቡን ምርጥ ክፍል ነው።

ምክንያቱ ያለው ከሊጡ ነው። ጤፉ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ላዩ ላይ የጠለለው ውሃ ይቀነሳል። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ እየተማሰለ ይበስላል፤ ይህ አብሲት ነው። በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። አብሲቱ ሊጡን ያያይዘዋል፣ ሲቦካ የሚፈጠረውንም አየር ይይዝለታል። ኩፍ ያለው ሊጥ በታሰሰ ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ ይፈሳል፤ ዓይኑ ሲወጣ ይከደናል። እንጀራ እንደ ቂጣ አይገለበጥም። ስለዚህ ምጣዱን የነካው ጀርባው ልሙጥ ሆኖ ይቀራል፣ ፊቱ ግን በዓይን ይሞላል። ወጡ የሚፈሰው በዓይኑ በኩል ነው። እያንዳንዷ ዓይን ትጠጣለች፤ ልሙጡ ጀርባ ደግሞ የጠጣችውን ይዞ ያቆይላታል። ዓይን ያላወጣ እንጀራ ላይ ወጡ ይንሳፈፋል እንጂ አይገባም።

ይህን ያስተማሩኝ ልደታ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት የነበራቸው፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። አንድ ዓርብ በልቼ ልነሣ ስል ትሪውን አዩና «የኔ ልጅ፣ ምኑን በላኸው?» አሉኝ። እጃቸውን ታጥበው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ምስሩ የነበረበት ቦታ ዓይኖቹ ድረስ ቀልቶ፣ ዘይቱ ያብረቀርቃል። የአልጫው እርድ ከጎኑ ቢጫ ዳር ሠርቷል። ሁለቱ በተገናኙበት፣ ስፋቱ ጣት በማያክል ድንበር ላይ፣ ቀይ ነው ቢጫ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከዚያች ቆረሱ፣ ከጎመኑ ሥር የረጠበውን ጨመሩበት፣ ጠቅልለውም አጎረሱኝ። የምስሩ ማቃጠል በክኩ ለዝቦ፣ የጎመኑ ነጭ ሽንኩርት ከኋላ መጣ፤ የእንጀራው ኩምጣጤ ሁሉንም አንድ አደረጋቸው። ድስት ውስጥ እንዲህ ያለ ወጥ የለም፤ እዚያው ትሪው ላይ የተሠራ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሽሮውን ገና እንደመጣ በየወጡ ላይ አታዳርሱት። እያንዳንዱ ወጥ የራሱን ቦታ ያርጥብ፣ ድንበሩም ራሱ ይፈጠር። ተጋቢኖ ካዘዛችሁ ግማሹን ገልብጡ፣ ግማሹ ሸክላው ውስጥ እየተንተከተከ ይቆይ። መጀመሪያ ጥቅሉን ጨርሱ፣ ከዚያ ከዳር ወደ መሐል ግቡ። ወጡን በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን ከፋፍለው የሚያቀርቡ ቤቶች መኖራቸው ያሳዝነኛል፤ ለዓይን ያምር ይሆናል፣ እንጀራው ግን ደርቆ ይቀራል። ዋሽንግተን በያይነቱን «ቬጂ ኮምቦ» በሚሉት ቤቶች እንኳ፣ ጤፉ ከሌላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በተጋገረበት፣ ወጡ እንጀራው ላይ እስከፈሰሰ ድረስ ከሥር የሚገኘው ያው ነው።

ባለፈው ፍልሰታ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ሰፊ የባህል ምግብ ቤት ገብተን ነበር። ወጡ አልቆ ወሬ ይዘናል። ከሥር ያለው እስኪርስ ሆን ብዬ አቆይቼዋለሁ። አስተናጋጁ የጨረስን መስሎት መጣና ትሪውን ብድግ አደረገው። በሩ ጋ ደርሼ አስመለስኩት፤ ምስሩ ሥር ያለው ገና አልተነካም ነበር።