የንግድ ምስጢርና የኮምፒዩተር ምርጫ

ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን በካዝና ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን የደንበኞች ዕዳና የውጭ አገር አቅራቢዎች የዋጋ ደብዳቤ ሁሉ በኮምፒዩተር ውስጥ ስለ ተቀመጠ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ የባለቤቱን ትእዛዝ ከመፈጸም ሌላ ስለ አሠራሩ ለሠሪው ኩባንያ በኢንተርኔት መረጃ ይልካል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ካወጣ በኋላ፣ በዓመቱ የፈረንሳይ የግል መረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚሰበሰበው ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑንና የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩም ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሥራ መጀመሩን ገልጦ ለኩባንያው የ3 ወር ጊዜ ሰጠ። በ2017 ጉዳዩ ሲዘጋ፣ በዝቅተኛው ደረጃ የሚሰበሰበው መረጃ በግማሽ ያህል መቀነሱ ታወቀ። ተቃውሞ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ከዚህ የከበደው በሜይ 2024 መጣ። ሪኮል የተባለው አገልግሎት ኮፓይለት ፕላስ በሚባሉት አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ በየጥቂት ሴኮንዱ የስክሪኑን ፎቶግራፍ እያነሣ እንዲያስቀምጥ ታስቦ ነበር። ፎቶግራፉ ከኮምፒዩተሩ ባይወጣም፣ ጸሐፊው የከፈተው የዋጋ ደብዳቤ ሁሉ ተቀድቶ ስለሚቀር ለሌባ የተመቸ ይሆናል። የደኅንነት ዐዋቂዎች ስለ ተቃወሙ፣ ኩባንያው ባለቤቱ ፈቅዶ ካልከፈተው በቀር እንዳይሠራ አደረገ፤ ለጠቅላላው ተጠቃሚ የቀረበውም በኤፕሪል 2025 ነው።

ሊኑክስ በነፃ የሚገኝና ውስጡ ለመርማሪ ሁሉ የተገለጠ ነው። ነገር ግን ብዙ የንግድ ቤቶቻችን ሒሳብ የሚይዙበት ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ሊኑክስን ማመስገን ለነጋዴው አይጠቅመውም።

ስለዚህ የሚቀረው በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ምርጫ መያዝ ነው። ምርጫው የሚቀርበው አዲሱ ኮምፒዩተር በተከፈተበት የመጀመሪያ ሰዓት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ ወይም ቴክኒሻኑ በችኮላ «እሺ» እያለ ያልፈዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ግን የደንበኛን ስምና ስልክ የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት ስላለበት፣ ይህን ለሌላ ሰው መተው አይገባም። ያለፈውንም ቢሆን «ሴቲንግስ» ገብቶ «ፕራይቬሲ» የሚለውን ክፍል በመክፈት የማስታወቂያ መለያውንና በተጨማሪነት የሚላከውን መረጃ መዝጋት ይቻላል። ግዴታ የተባለው መረጃ በሆምና በፕሮ ዓይነቶች አይዘጋም፤ ኮምፒዩተር ሲገዛ የትኛው ዓይነት ዊንዶውስ እንደ ተጫነበት ሻጩን መጠየቅ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።