ወፎችን ወደ ግቢያችን እንዴት እንሳብ? በምንስ እንለያቸው?

በካኩማ ካምፕ ብዙው ግቢ አቧራ፣ የእሾህ አጥርና አንድ ሁለት የኒም ዛፍ ነው። "እዚህ ደግሞ ምን ወፍ አለ?" የሚል ተማሪ አይጠፋም። ወፉስ ሞልቷል። ላቦራቶሪ ለሌለው የሳይንስ መምህር ደግሞ ወፍ ገንዘብ የማይጠይቅ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ቀርቦ እንዲታይ ግን መጠራት አለበት።

በምን እንጥራቸው?

በእህል አይደለም። ራሽን የቤተሰብ ነው፤ መሬት ላይ የተበተነ እህልም አይጥ ይጠራል። እንደ ቱርካና ባለ ደረቅ አገር ወፍን የሚስበው ውሃ ነው። ለዚህም የመጠጥ ውሃ አይባክንም፤ ሳሙና ያልነካው፣ አትክልት የታጠበበት ወይም ከቧንቧ ሥር የተጠራቀመ ውሃ ይበቃል።

1. ጣባ ወይም የተቆረጠ የጀሪካን ቂጥ ፈልጉ። ውሃው ከሁለት ጣት በላይ አይጥለቅ። ትንንሾቹ እንዲቆሙበት መሀሉ ላይ ድንጋይ አድርጉ።
2. ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ድመት ከሚያደባበት ቁጥቋጦ ግን ራቅ ይበል።
3. በየቀኑ ድፉትና ፈትጋችሁ እጠቡት። ለምን መሰላችሁ? የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። በየቀኑ በሚደፋ ውሃ ውስጥ አታድግም። ይህን ማድረግ የማይችል ክፍል ውሃውን ባያስቀምጥ ይሻላል።

በምን እንለያቸው?

ቀለም ብቻውን ያሳስታል። አምስት ነገር ጠይቁ፦ መጠኑ ከድንቢጥ፣ ከርግብ ወይስ ከዶሮ ይቀርባል? መንቁሩ ምን ይመስላል? ጭራውስ? ይራመዳል ወይስ እየዘለለ ይሄዳል? ድምፁስ? መንቁር ምግብን ይናገራል፦ አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ይፈለፍላል፤ ቀጭን ከሆነ ነፍሳት ይለቅማል፤ ቆልማማና ስለታም ከሆነ ሥጋ ይቦጭቃል።

እስቲ በእነዚህ ጀምሩ፦

ዋኔ፦ አጠጣጧን እዩ። ዋኔና ርግብ መንቁራቸውን ነክረው ቀና ሳይሉ ይጠጣሉ። አብዛኞቹ ሌሎች ወፎች ግን እንደ ዶሮ ጉንጭ ወስደው አንገታቸውን ወደ ላይ ያቀናሉ።

ሰማያዊው አንጸባራቂ ወፍ፦ ራሱ ጥቁር፣ ጀርባው የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ ሆዱ የሸክላ ቀለም ነው። በደረቱ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር አለው። ሰው ብዙም አይፈራም፤ ዳዳብ ያላችሁም ታገኙታላችሁ።

ጎጆ ሠሪው ቢጫ ወፍ፦ ወንዱ ሣር እየሰነጠቀ ጎጆውን ይሸምናል፤ ሴቷ ገብታ ታያለች፣ ካልጣማት ትታው ትሄዳለች።

አባ ኮዳ፦ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሚቆመው ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ነው። አንገቱ ላይ ከረጢት ይንጠለጠላል።

ያያችሁትን ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከቦታው ጋር ጻፉ፤ ሥዕሉንም ሞክሩ። ሞቶ የተገኘ ወፍ ግን በባዶ እጅ አይነካም።

ወንጭፍ ይዞ የሚመጣ ልጅስ? ከመቆጣታችሁ በፊት ደብተርና እርሳስ ስጡትና ቆጣሪ አድርጉት። ወፍ የት እንዳለ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።